የፈረስ ጉዞ በሐሩር ባሕር ዳርቻ፦ ለገንዘቡ የሚመጥነው የትኛው ነው?

በሐሩር ባሕር ዳርቻዎች ለጎብኚ የሚቀርበው የፈረስ ጉዞ በአብዛኛው አራት ዓይነት ነው፦ የአንድ ሰዓት እርምጃ፣ ሶምሶማና ደንገላሳ (ከሶምሶማ የፈጠነ ሩጫ) የታከለበት የሁለት ሰዓት ጉዞ፣ የፀሐይ መጥለቂያ ጉዞ፣ ከዚያ ደግሞ ፈረሱን ይዞ ባሕር መግባት። ማስታወቂያው ላይ ለአራቱም የሚለጠፈው ፎቶ አንድ ነው፤ ነጭ ፈረስ፣ ነጭ ቀሚስ፣ ባዶ እግር። ከዚያ ፎቶ ውስጥ ለግልቢያ የሚሆነው ፈረሱ ብቻ ነው።

ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። ለጀማሪም ለለመደም ሰው ለገንዘቡ የሚመጥነው ባሕሩ ሲሸሽ በማለዳ የሚደረግ የአንድ ሰዓት፣ ቢበዛ የአንድ ሰዓት ተኩል ጉዞ ነው። «ልምድ ባይኖርዎትም ሽምጥ እናስጋልብዎታለን» የሚል ቤት ግን በነፃም ቢሆን ይቅር። ምክንያቱ ከአሸዋው ይጀምራል።

የባሕር ዳር አሸዋ ሁሉ አንድ አይደለም። ከላይ፣ ዛፎቹ አጠገብ ያለው ደረቅና ጥልቅ አሸዋ ሰኮናውን ስለሚውጥ ፈረሱ እያንዳንዱን እግር እየነቀለ ነው የሚሄደው። እዚያ ላይ ካስሮጡት ከጉልበቱ በታች በኋላ በኩል የሚወርደው ጅማት ይጎዳል፤ የተጎዳ ጅማት ደግሞ ለመዳን ወራት ይፈጅበታል። ማዕበሉ የሚልሰው ጠርዝ ደግሞ አንዳንድ ቦታ ውሃ አዝሎ ይሰምጣል፤ አንዳንድ ቦታ ከመጠንከሩ የተነሣ እግሩን ይነርተዋል። የሚፈለገው መካከለኛው ነው፤ ውሃው ገና የተወው፣ እርጥብ ሆኖ የጠጠረ፣ ሰኮናው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ገብቶ ጥርት ያለ ዱካ የሚተውበት መሬት። ይህ መሬት ሰፊ የሚሆነው ባሕሩ ሲሸሽ ነው።

በአብዛኛው ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ያህል ወደኋላ ይገፋል። ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የሸሸ ባሕር፣ ከሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት ሞልቶ ይገኛል ማለት ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ልዩነት ይጨምራል። ስለዚህ ቦታ ሲይዙ የሚጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄ «ሰዓቱን የምትወስኑት በምንድን ነው?» የሚል ነው። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሰዓት የሚነሣ ቤት የባሕሩን ሰንጠረዥ አያይም፤ ሲሞላ ፈረሶቹን የሚነዳው በጥልቁ አሸዋ ላይ ነው። እንደ ካሪቢያን ባሉ፣ ልዩነቱ ብዙ ቦታ ግማሽ ሜትር በማይሞላባቸው ባሕሮች ግን ይህ ያን ያህል አያሳስብም።

ሌላው ሙቀቱ ነው። ፈረስ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በላብ ነው፤ ላቡ የሚጠቅመው ደግሞ ሲተን ነው። አየሩ በእርጥበት በተሞላበት ዳርቻ ላቡ ሳይተን ተንጠባጥቦ ያልቃል፤ ፈረሱ ውሃና ጨው አጥቶ እንደጋለ ይቀራል። ፈረሰኞች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ፦ የአየሩን ሙቀት በፋራናይት ወስዶ ከእርጥበቱ መቶኛ ጋር መደመር። ድምሩ ከ130 በታች ሲሆን የሚያሰጋ ነገር የለም። ከ150 ሲያልፍ፣ በተለይ አብዛኛው ከእርጥበቱ የመጣ ከሆነ፣ ሥራው ይቀነሳል። ከ180 በላይ ፈረስ ከጥላ ባይወጣ ይሻላል። 32 ዲግሪ ሴልሺየስ 90 ፋራናይት ያህል ነው፤ እርጥበቱ 70 ከመቶ ቢሆን ድምሩ 160 ደረሰ። በሐሩር አገር ይህ ተራ ቀትር ነው። የማለዳውን ጉዞ ያስቀደምነው ለእይታው ብለን ብቻ አይደለም።

ጓዶቹ በላብ ርሰው ሳለ እሱ ብቻ ደረቅ ሆኖ የሚያለከልክ ፈረስ ካዩ፣ ጠንካራ ስለሆነ አይምሰልዎ። በሞቃትና በእርጥብ አገር አንዳንድ ፈረስ ማላብ ያቆማል፤ እንዲህ ያለው ለጉዞ አይወጣም።

ከሚነሡበት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ቀድመው ይድረሱና ጋጣውን ይዩት። ጥላ አለ? ውሃው ንጹሕ ነው? ፈረስ በቀን ከ25 እስከ 55 ሊትር ይጠጣል፤ ሙቀት ሲበረታ ከዚያም በላይ። ባዶ ገንዳ ካዩ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። መኖው አሸዋ ላይ ከተበተነም መጥፎ ምልክት ነው፤ ከሣሩ ጋር የሚዋጠው አሸዋ አንጀት ውስጥ ተከማችቶ ፈረሱን በሆድ ቁርጠት ይጥለዋል።

ከዚያ ወደ ፈረሱ። በ1983 እ.ኤ.አ. በወጣውና ባለሙያዎች እስከ ዛሬ በሚሠሩበት የሄኔኬ መለኪያ የፈረስ አቋም ከ1 (እጅግ ከሲታ) እስከ 9 (እጅግ ወፍራም) ይመዘናል፤ 5 ማለት ጎድኑ በእጅ ሲዳሰስ የሚገኝ፣ በዓይን ግን የማይቆጠር ነው። በዓይን የሚቆጠር ከሆነ ገና ሳይወጡበት ደክሟል። ባልደራሱ ኮርቻ ከመጫኑ በፊት ጀርባውን ይመልከቱ፤ ገጣባ ካለ፣ ጠጉሩ የተላጠ ወይም ያበጠ ቦታ ካለ፣ ሌላ ፈረስ ይጠይቁ። በጥቁር ወይም በቡናማ ጀርባ ላይ ጉች ጉች ያለ ነጭ ጠጉር የድሮ ቁስል ምልክት ነው። ኮርቻው አንድ ጊዜ እንዳቆሰለው ይነግርዎታል፤ ዛሬም ያው ኮርቻ መሆን አለመሆኑን ግን መጠየቅ ነው። ከሌላ ቡድን ጋር ገና የተመለሰ ፈረስ ከተሰጠዎት ጎኑ ሲነፋና ሲሟሽሽ ለ15 ሰከንድ ቆጥረው በ4 ያባዙት። ያረፈ ፈረስ በደቂቃ የሚተነፍሰው ከ8 እስከ 16 ጊዜ ነው። አሥር ደቂቃ ከቆመ በኋላም እጥፉን የሚተነፍስ ከሆነ ተራው የእሱ አይደለም።

ክብደትዎን የሚጠይቅ ቤት ሊያሳፍርዎ ፈልጎ አይደለም፤ ሥራውን የሚያውቅ ስለሆነ ነው። የተለመደው ወሰን ጋላቢውና ኮርቻው ተደምረው ከፈረሱ ክብደት 20 ከመቶ እንዳይበልጡ ነው። 400 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በዚህ ስሌት 80 ኪሎ ይሸከማል። ከፊት ቀንድ ያለው ትልቁ የከብት ጠባቂዎች ኮርቻ 15 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ለሰውየው የሚተርፈው 65 ነው። በብዙ ሐሩር ዳርቻ ያሉት ፈረሶች አጫጭሮችና ቀላሎች መሆናቸውን ሲያስቡት ስሌቱ ቶሎ ይጠብባል። ሳይጠይቅና ሳያይ መዝገብ ላይ በተጻፈው ቅደም ተከተል ፈረስ የሚያድል ቤት ይለፍዎት።

ሄልሜት ያለ ድርድር ይደረጋል። ውስጡ ላይ ኤኤስቲኤም ኤፍ 1163 (ASTM F1163) ወይም ኢኤን 1384 (EN 1384) የሚል የፈረስ ግልቢያ ደረጃ መጻፉን ያረጋግጡ፤ የብስክሌት ሄልሜት ከኋላ ያለውን የጭንቅላት ክፍል እንደሚገባ አይሸፍንም። ሱሪው ረጅም፣ ጫማው ዝግ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ተረከዝ ያለው ይሁን፤ ተረከዙ እግር በእርካቡ ሾልኮ እንዳይገባ ይይዛል። በእርጥብ የዋና ልብስ ላይ አሸዋ ሲጨመርበት በግማሽ ሰዓት ቆዳ ይልጣል። የፀሐይ ቅባቱን ከመነሣትዎ 20 ደቂቃ በፊት ይቀቡና መዳፍዎን ይጥረጉ፤ በቅባት የተለወሰ እጅ ዛብ (የልጓሙን መያዣ ጠፍር) አይጨብጥም። ደረቅ አሸዋ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር 15 ከመቶ ያህሉን፣ የባሕር አረፋ ደግሞ 25 ከመቶ ያህሉን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ጉንጭዎን ብቻ ሳይሆን ከአገጭዎ ሥርም ይቀቡ። የሚውለበለብ ሻርፕና ሰፊ ባርኔጣ በሻንጣ ይቅሩ፤ ደንባራ ፈረስ ከዚህ በላይ ሰበብ አይፈልግም።

አሁን ጥሩ መሪ ከተራው የሚለይበት ጊዜ መጣ። ኮርቻውን ከሆድ ሥር አዙሮ የሚያስረውን ጠፍር ይመልከቱት። ፈረስ ሲጫን ሆዱን ነፍቶ ይጠብቃል፤ ከደቂቃዎች በኋላ ሲያስተነፍስ ጠፍሩ ይላላል። ስለዚህ ጠፍሩ ሦስት ጊዜ ይታያል፦ ከመውጣትዎ በፊት፣ እንደተቀመጡ፣ ከዚያም አሥር ደቂቃ ከተጓዙ በኋላ። ሦስተኛውን ብዙ መሪ ይዘለዋል፤ ኮርቻው ከነሰውየው ወደ ጎን የሚዞረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በኋላ፣ ሶምሶማ ሲጀመር ነው። መሪው ሁለት ጣቱን በጠፍሩና በቆዳው መካከል አስገብቶ ካልፈተሸ «እባክህ ጠፍሩን እየው» ማለት ነውር የለውም። የእርካቡ ርዝመት መሬት ላይ ሆነው ይለካል፤ የጣትዎን ጫፍ የእርካቡ ማንጠልጠያ ኮርቻው ላይ ከተያያዘበት ቦታ ሲያደርጉ እርካቡ ብብትዎ ሥር ይድረስ። ካጠረ ጉልበት ያማል፤ ከረዘመ እግር ያመልጣል። ሲወጡ መቆሚያ ይጠቀሙ፤ ከመሬት ተንጠልጥሎ መውጣት የፈረሱን ጀርባ ያጣምማል።

ጉዞው ሲጀመር አንድ መሪ ከፊት፣ ሌላ ከኋላ መሆን አለበት። በፈረስና በፈረስ መካከል ቢያንስ የአንድ ፈረስ ርዝመት፣ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ክፍተት ይኑር። ጅራቱ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ይራገጣል ማለት ነው፤ ከኋላው አይጠጉት። ማዕበሉ ተመልሶ ሲንሸራተት ለፈረሱም ለሰውም መሬቱ ራሱ የሚሄድ ይመስላል፤ ፈረሱ ወደ ጎን የሚሸሸው፣ ጋላቢውን የሚያዞረው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ውሃውን አለማየት ነው፤ ዓይንዎን ከፊት ባለው መሪ ጀርባ ላይ ያኑሩ። ብልህ መሪ የተረጋጋውን ፈረስ በባሕሩ በኩል፣ ድንጉጡን በየብሱ በኩል ያሰልፋል።

ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ሲገቡ አንድ ነገር ይጠብቁ። ፈረሱ ቆም ይላል፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ውሃውን ያሸታል፤ ቀጥሎ በፊተኛው እግሩ ውሃውን መምታት ይጀምራል። ጎብኚው ይስቃል፣ ስልኩን ያወጣል። ፈረሱ ግን ሊንከባለል እየተዘጋጀ ነው፤ ከጥቂት ምት በኋላ የፊት ጉልበቱ ይታጠፋል። ገና እግሩን ሲያነሣ ዛቡን ከፍ አድርገው ራሱን ያንሡ፣ በሁለቱም እግር ጎኑን ጫን አድርገው ወደፊት ይንዱት። ከቆመ ይተኛል፤ ከሄደ አይተኛም። ጉልበቱ ከታጠፈ ደግሞ ዘግይተዋልና እግርዎን ከእርካቡ አውጥተው፣ እግሮቹ ወደሌሉበት ጎን ይውረዱ።

ደንገላሳው ለሚችል ሰው ደስታ ነው፤ ቦታው ግን ይመረጣል። ፈረስ ወደ ጋጣው ሲመለስ ራሱ ይቸኩላል፤ ስለዚህ ሩጫ የሚፈቀደው ሲሄዱ እንጂ ሲመለሱ አይደለም። የሚፈቀደውም መሪው በዚያው ቀን አስቀድሞ አልፎ ባየው መሬት ነው፤ የሸርጣን ጉድጓድ፣ የልጆች የአሸዋ ቤትና ውሃ የተፋው ግንድ በአንድ ሌሊት ይፈጠራሉ። ቢገነፍል ሁለቱንም ዛብ ይዘው አይጓተቱ፤ ወደኋላ ተቀምጠው በአንደኛው ዛብ ቀስ በቀስ በሰፊ ክብ ወደ ጥልቁ አሸዋ ያዙሩት። የመጨረሻው ሩብ ሰዓት ሙሉ በሙሉ እርምጃ ይሁን።

ባሕር ገብቶ መዋኘቱ? ለእኛ ከአራቱ ደካማው ነው፤ በጣም ጥሩ መሪ ካልተገኘ በስተቀር። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ኮርቻ ይወርዳል፣ የፈረሱን ራስ ወደታች የሚያስር ጠፍር ሁሉ ይፈታል፣ ምክንያቱም የሚዋኝ ፈረስ የሚተነፍሰው አንገቱን ዘርግቶ ነው። ጋላቢው ጋማውን ይዞ ከጀርባው በላይ ይንሳፈፋል እንጂ ዛብ አይስብም። ከተንሸራተቱ በጎን በኩል ይራቁ፤ ከፊትና ከኋላ እየቀዘፉ ያሉት እግሮቹ ናቸው። ዋና ለፈረስ ከባድ ሥራ ስለሆነ የጥቂት ደቂቃ ነገር ነው። ኮርቻ እንደተጫነ የሚያስገባ ቤት ካገኙ ከውሃው ጠርዝ ይመለሱ።

የፀሐይ መጥለቂያው ጉዞ ለሙቀቱ ደግ ነው፤ ችግሩ ጨለማው ነው። በምድር ወገብ አካባቢ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ብርሃን ከሃያ እስከ ሃያ አምስት ደቂቃ ብቻ ስለሚቆይ ጠልቃ ካዩ በኋላ የሚመለሱበት መንገድ ከዚያ ማጠር አለበት። የባሕር ኤሊ እንቁላል በሚጥልበት ወቅት ደግሞ ማታ በፈረስ ዳርቻ ላይ መሄድ ነውር ነው። ጎጆዎቹ ከውሃው መድረሻ በላይ ባለው ደረቅ አሸዋ ውስጥ ይቀበራሉ፤ ለሁለት ወር ገደማ ይቆያሉ። ሰኮና ከላይ አሸዋውን ይጠቀጥቃል፤ የሚተወው ጉድጓድም ወደ ባሕር ለሚድኸው ጫጩት ወጥመድ ነው።

ሲወርዱ ወዲያው አይሂዱ፤ አምስት ደቂቃ ይቆዩ። ኮርቻው ሲወርድ ፈረሱ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል? ከኮርቻው ሥር የደረቀ ጨው በማግሥቱ ቆዳውን ይበላል፤ ገጣባው የሚጀምረው እዚህ ነው። እግሩ ይታያል? ሰኮናው ይጠረጋል? ውሃ ይቀርብለታል፣ ወይስ ላቡ ሳይደርቅ ቀጣዩ ደንበኛ ይወጣበታል? የመሪው ጉርሻም መወሰን ያለበት ከዚህ በኋላ ነው።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የስረዛውን ደንብ ይጠይቁ። ባዶ ዳርቻ ላይ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው ከዙሪያው ሁሉ ከፍ ያለ ነው፤ ነጎድጓድ ከተሰማ ጉዞ የለም፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ ጀምሮ 30 ደቂቃ ይጠበቃል። በአየር ጠባይ ሲሰረዝ ገንዘብ የሚመልስ ቤት ጉዞውን ለማስቀረት አይቸገርም። የማይመልሰው ግን ደመናው እያጉረመረመ ኮርቻ ይጭናል።