ግራፍ ይሻላል ወይስ ኢንተግራል?

ኳስ ዳገት ላይ አንከባለልን እንበል። ቬሎሲቲዋ (ፍጥነቷ ከነአቅጣጫው) በሴኮንድ ከ6 ሜትር ይጀምርና በየሴኮንዱ በ2 ይቀንሳል። በ5 ሴኮንድ ውስጥ ዲስፕሌስመንቷ (ከመነሻዋ እስከ መጨረሻ ቦታዋ ያለው ለውጥ) ስንት ነው?

እኔ እዚህ ጋ የቬሎሲቲና የጊዜ ግራፉን እመርጣለሁ፤ በመስመሩና በዜሮ መካከል ያለው ስፋት ምን ያህል ሜትር እንደሄደች ይነግረናል። መስመሩ 3ኛው ሴኮንድ ላይ ዜሮን ይቆርጣል። ከላይ ያለው ሦስት ማዕዘን ስፋቱ 9፣ ከታች ያለው 4 ነው። ሲቀናነሱ 5 ሜትር፤ ዲስፕሌስመንቱ ይኸው። ሲደመሩ ደግሞ 13 ሜትር፣ የተጓዘችው ርቀት። ኳሷ ቆማ ወደ ኋላ መመለሷ በዓይን ይታያል!

ኢንተግራልም (ያንን ስፋት ከነምልክቱ በቀመር የሚያሰላው ስሌት) ያንኑ 5 ይሰጣል፤ መመለሷን ግን አያሳይም። ርቀት ተጠይቆ 5 ብሎ የሚመልስ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። መስመሩ ከጎበጠ ግን ሦስት ማዕዘን አያዋጣም፤ ኢንተግራል ይሻላል።

ቦታዋን ስትፈልጉ በሁለቱም መነሻዋን ደምሩ፦ ከ2 ሜትር ከተነሳች አሁን 7 ላይ ናት።