ሐዋሳ ላላችሁ፦ «የዘይት ቀለም ሥዕል» ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ለእህቴ ሠርግ ስጦታ ብዬ ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ የቤት ማስዋቢያ ሱቅ በ18,000 ብር ሥዕል ገዛሁ። በረዶ የለበሰ የአውሮፓ ከተማ መንገድ፣ ቢጫ መብራቶች፣ በስተቀኝ ቀይ ጃንጥላ የያዘች ሴት። ሻጩ «እህቴ፣ በእጅ የተሳለ ነው፤ ሰዓሊው የጨረሰው ባለፈው ሳምንት ነው፤ እስቲ ንኪው» አለኝ። ነካሁት፤ ሻከረኝ፤ አመንኩት።

ፍሬሙን ላስቀይር ስወስደው ነው ጉዱ የወጣው። ፍሬም ሠሪው ጠርዙን ፈታ አድርጎ አየና «ይሄ እኮ ሕትመት ነው» አለኝ። ሸራ ላይ በማሽን ታትሞ ከላዩ ግልጽ ጄል በብሩሽ ተቀብቶበታል። የሻከረኝ ጄሉ ነበር።

እንዴት እንደሚለይ ያሳየኝን ልንገራችሁ። በረዶውን እዩት። በዘይት ቀለም ሲሳል ነጩ ብዙ ጊዜ ወፈር ተደርጎ የሚቀባ ቀለም ነው። ማተሚያ ማሽን ግን በአብዛኛው ነጭ ቀለም የለውም፤ ነጭ መሆን ያለበትን ቦታ ሳያትም ይተወዋል። እኔ የገዛሁት ላይ በረዶው በጣም የነጣበት ቦታ ባዶ ሸራ ነበር፤ የክሩ ሽመና በጄሉ ሥር ይታያል። በረዶው ላይ ወደ ጠቆረው የጥላ ቦታ የስልኬን ካሜራ አስጠግቼ ሳጎላው ደግሞ ሰማያዊ የመሰለኝ ሁሉ ደቃቅ የቀለም ነጠብጣብ ሆነ። የብሩሹ ዱካም ከሥዕሉ ጋር አይገናኝም፤ አንዱ ጭረት ከበረዶው ተነስቶ ጃንጥላውን አቋርጦ ያልፋል፣ ነጩና ቀዩ ግን ቅንጣት አልተነካኩም።

«ባለፈው ሳምንት» ያለውም ውሸት ነው። የዘይት ቀለም በአብዛኛው የሚለወሰው በተልባ ዘይት ነው። የሚደርቀው እንደ ውሃ ተንኖ ሳይሆን ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ስለሆነ፣ ወፍራም የተቀባው ውስጡ ድረስ እስኪደርቅ ወራት ይፈጃል። የእኔው ድርቅ ያለ ነበር፤ የዘይት ሽታ የሚባል የለውም።

ሕትመት መግዛት ነውር የለውም፣ በሕትመት ዋጋ ከሆነ። በጣም ያሳዘነኝ በእጃቸው ስለው የሚያድሩ የከተማችን ልጆች ሊያገኙት የሚገባው ገንዘብ እንዲህ መበላቱ ነው።

ልመልስ ስሄድ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተባልኩ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው፤ ደረሰኜ ላይ ግን የተጻፈው «ሥዕል 1» ብቻ ነው። እናንተ «በእጅ የተሳለ፣ የዘይት ቀለም» ተብሎ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። አንጽፍም ካሉ ሳትከፍሉ ውጡ። ይህችኑ ባለ ቀይ ጃንጥላ ሥዕል የገዛችሁ ካላችሁ ደረሰኛችሁን እንዳትጥሉ፤ አብረን እናመልክት።