ለማከራየት የቱን ልግዛ? ኮንዶሚኒየም፣ ሰርቪስ ያለው ግቢ ወይስ ያላለቀ አፓርታማ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ገዝቶ ለማከራየት ላሰበ ሰው ደላላው ቀድሞ የሚነግረው ወርሃዊ ኪራዩን ነው። መታየት ያለበት ግን ወረቀቱና በዓመቱ መጨረሻ እጅ ላይ የሚቀረው ብር ነው። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ዘመኑ ከ2 ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። ጭማሪም በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው መጠን ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ዝቅ ተደርጎ የተዋዋሉትን ኪራይ በኋላ እንደልብ ማስተካከል የለም።

ኮንዶሚኒየም

ስቱዲዮና ባለ አንድ መኝታ ቶሎ ተከራይ ያገኛል፣ ሲሸጥም ገዢው ብዙ ነው። አደጋው ያለው ግዢው ላይ ነው። ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን ለ5 ዓመት መሸጥ ስለማይችል፣ ጊዜው ሳይሞላ የሚሸጡት በውክልና ነው። ውክልና ደግሞ ሰጪው በፈለገ ጊዜ ይሻረዋል፤ ሰጪው ሲሞትም በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2232 መሠረት ይቋረጣል። ያኔ ገዢው ከማያውቃቸው ወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ይገናኛል። እንዲህ ያለ ቤት ዋጋው ረከስ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቅናሹ አደጋውን ይመጥናል ብለን አናምንም። ካርታ የወጣለትን ይምረጡ፣ ቀሪ የባንክ ዕዳውን በደብዳቤ ያስጠይቁ፣ ሻጩ ያገባ ከሆነ ባለቤቱም አብራ ትፈርም።

ቤቱን ሲያዩ ከታች ያለውን ጎረቤት አንኳኩተው የመታጠቢያ ቤቱን ጣሪያ ይመልከቱ። የረጠበ ወይም ቢጫ የሆነ ከሆነ ወለሉ ውሃ ያሳልፋል፤ ሴራሚኩ ተነስቶ የውሃ መከላከያ ተቀብቶ እንደገና መሠራት አለበት። ላይኛው ፎቅ ላይ ውሃ በፈረቃ እንኳ ላይደርስ ስለሚችል ሮቶና ፓምፕ መኖሩን ይጠይቁ።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። በ4 ሚሊዮን ብር የተገዛ ቤት በወር 20,000 ቢከራይ በዓመት 240,000 ብር፣ ማለትም ከዋጋው 6 በመቶ ነው። አንድ ወር ባዶ ቢቀመጥ፣ ለጥገናና ለጋራ መዋጮ ሌላ 20,000 ቢወጣ 200,000 ይቀራል፤ 5 በመቶ። የኪራይ ገቢ ግብሩ ገና አልተነካም፤ ከፍተኛው የግለሰብ ማስከፈያ ልክ 35 በመቶ ነው። በስም ማዛወሪያ ላይም የ2 በመቶ ቴምብር ቀረጥ አለ፤ የከተማው የአገልግሎት ክፍያ ለብቻው ነው።

ሰርቪስ ክፍሎች ያሉት ግቢ

አምስት ክፍል ካለ አንዱ ተከራይ ቢወጣ የሚጎድለው አንድ አምስተኛ ብቻ ነው። ኮንዶሚኒየም ላይ ግን ተከራይ ሲወጣ ገቢው ዜሮ ይሆናል። ይህ ትልቅ ብልጫ ነው።

ጣጣው ግን ብዙ ነው። አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ፍጆታው ተደምሮ ወደ ከፍተኛው የታሪፍ እርከን ይወጣል፤ ለየብቻ ቢሆኑ የማይከፍሉትን ይከፍላሉ፣ ጠቡም ከዚያ ይነሳል። ለየክፍሉ መቁጠሪያ ያስገቡ። ሽንት ቤቱ የጋራ ከሆነ ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል፤ ማስመጠጫውን ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ።

ከሁሉ የሚከፋው ፈቃድ የሌለው ክፍል ነው። ብዙ ሰርቪሶች ዋናው ቤት ካለቀ በኋላ ያለ ግንባታ ፈቃድ የተቀጠሉ ናቸው። ቦታው ለኮሪደር ልማት ወይም ለመልሶ ማልማት ቢፈለግ ካሣ የሚታሰበው በሕጋዊ መንገድ ለተሠራው ነው። ኪራይ የሚያመጡት ክፍሎች ከስሌቱ ውጭ ከሆኑ ግዢው ትርጉም ያጣል። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ክፍለ ከተማ ሄደው ካርታውን፣ ዕዳና እግዱን፣ ቦታው በፕላን ምን ላይ እንደሚያርፍ ያጣሩ። ይዞታው ሊዝ ከሆነ ቀሪ የሊዝ ክፍያውንም ይጠይቁ።

ገና ያላለቀ አፓርታማ

እስኪረከቡት ድረስ አንድ ብር ኪራይ አያስገባም። ውሉ ውስጥ ዋጋውን ከዶላር ጋር የሚያያይዝ አንቀጽ ካለ፣ ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሆነውን አስበው ይፈርሙ። ስፋቱ የተጣራ ነው ወይስ ደረጃና ኮሪደር ተደምሮበታል? ተከራይ የሚከፍለው ለሚኖርበት ካሬ ነው። የርክክብ ቀን፣ የመዘግየት ቅጣት፣ የሊፍትና የጄኔሬተር ዓይነት በውሉ ይስፈር፤ ክፍያውም የግንባታውን ደረጃ ይከተል። ለጥቂት ዓመታት የኪራይ ገቢ ባያገኝ የማይቸግረው ሰው ካልሆነ በቀር አንመክረውም።

አቅሙ ለአንድ ቤት ብቻ የሚበቃና ጊዜ የሌለው ሰው ካርታ ያለው ታችኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ይሻለዋል። ግቢ የሚያዋጣው በቅርብ ሆኖ ለሚከታተል ነው። ውጭ አገር የሚኖር ገዢ ለዘመዱ ውክልና ሲሰጥ ለማከራየትና ለማስተዳደር ብቻ ይስጥ፤ የመሸጥና የማስያዝ ሥልጣን አብሮ አይጻፍ። ኪራዩም በባንክ፣ በባለቤቱ ስም በተከፈተ ሒሳብ ይግባ።