ጌዝፖይንት ጂፒ3፦ ለደረት ራጅ ጥናት ይበቃል፣ ለሲቲ ግን ይታሰብበት

ራዲዮሎጂስቱ (ራጅ የሚያነበው ሐኪም) ዕጢውን ያለፈው ሳያየው ነው ወይስ አይቶት? የጽሑፍ ውጤቱ ይህን አይናገርም፤ የዓይን እንቅስቃሴ መከታተያ ግን ይናገራል። ተመራማሪዎቹ ኩንደል፣ ኖዲንና ካርሞዲ እ.ኤ.አ. በ1978 ስህተቱን በሦስት ከፍለውታል፦ ዓይን ጭራሽ ያልደረሰበት፣ ደርሶ ያላወቀው፣ ቆይቶ ካየው በኋላ «ደህና ነው» ብሎ የተወው። ደብረ ብርሃን ላይ ተማሪ የሚያሠለጥን ክፍል እነዚህን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም።

ጌዝፖይንት ጂፒ3 የተባለው የዓይን መከታተያ እስከ 24 ኢንች በሆነ ስክሪን ግርጌ ይቆማል፤ አንባቢው 65 ሴ.ሜ. ገደማ ርቆ ይቀመጣል። በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመዘግባል። ዓይን አንድ ቦታ ከ200 እስከ 300 ሚሊሴኮንድ ስለሚያርፍ በእያንዳንዱ ማረፊያ ከ12 እስከ 18 ነጥብ ይገኛል፤ ቆይታን ለመለካት ይህ ይበቃል። የዓይንን ዝላይ ፍጥነት ለማጥናት ግን አይሆንም።

ዋናው ጉዳይ ትክክለኛነቱ ነው፦ ከ0.5 እስከ 1 ዲግሪ ይስታል። በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። በ65 ሴ.ሜ. ርቀት 1 ዲግሪ 1.1 ሴ.ሜ. ነው፤ ስህተቱ የሚፈለገውን ዕጢ ያህላል ማለት ነው። ስለዚህ ነጥቡ በትክክል ዕጢው ላይ እንዲያርፍ አይጠበቅ። በዙሪያው 2.8 ሴ.ሜ. ሬዲየስ ያለው ክብ ይሰመር፤ ይህም 2.5 ዲግሪ ነው።

የሰሜን ሸዋ ደጋ ፀሐይ የመሣሪያው ጠላት ናት። ጂፒ3 የሚሠራው በኢንፍራሬድ ስለሆነ በመስኮት የገባ ጨረር ብሌኑን ያጠፋበታል፤ ስስ መጋረጃ አያድንም። የተኳለ ዓይንም ያሳስተዋል፤ ጥቁሩን ኩል ብሌን ይመስለዋል። ብርድ ሲጠና ጋቢ ደርቦ ወንበር ላይ የሚሸጎጥ አንባቢ ቀስ በቀስ ከካሜራው እይታ ይወርዳል፤ ጎማና ማዘንበያ የሌለው ወንበር ይመረጥ።

ባለ 9 ነጥቡ ካሊብሬሽን (መሣሪያውን ከአንባቢው ዓይን ጋር ማስተካከል) ራጁ በሚነበብበት የክፍል ብርሃን ይሠራ፤ ብሌን ሲሰፋና ሲጠብ ልኬቱ ይንሸራተታል። ከየ10 ራጅ በኋላ አንድ አዲስ ነጥብ አሳይቶ መፈተን ይበጃል፤ ከ1 ሴ.ሜ. በላይ ከሳተ እንደገና ይሠራ። ማጉያው ይቆለፍ፤ መሣሪያው የሚያውቀው የስክሪኑን ነጥብ እንጂ የሳንባውን ቦታ አይደለም።

ሲቲ (ሰውነትን በስስ ንብርብር ከፋፍሎ የሚያሳይ የራጅ ምርመራ) ላይ ችግሩ ይከፋል። አንባቢው በመቶ የሚቆጠሩ ምስሎችን እያንሸራተተ ስለሚያይ፣ ምስል ማሳያው ፕሮግራም የምስሉን ቁጥር ከዓይን መረጃው ጋር በአንድ ሰዓት ካልመዘገበ መረጃው ዋጋ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው ጥናት ከ24 ራዲዮሎጂስቶች 20ዎቹ በሳንባ ሲቲ ውስጥ የተደበቀውን የጎሪላ ምስል አላስተዋሉም፤ አብዛኞቹ ግን ያለበትን ቦታ በቀጥታ አይተውት ነበር። ይህን ማለት የተቻለው ዓይኑ የትኛው ምስል ላይ እንደነበር ስለታወቀ ነው። ያንን የሚመዘግብ ፕሮግራም የሌለው ክፍል በደረት ራጅ ይጀምር፤ ከመሣሪያው ጋርም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ይግዛ፤ መብራት መሀል ላይ ከሄደ ካሊብሬሽኑ ከመጀመሪያ ነው።