ብዙ ዳታ በአንድ ጊዜ ለመጫን የትኛው ዳታቤዝ ይሻላል? ፖስትግሬስ፣ ማይኤስኪውኤል እና ኤስኪውኤል ሰርቨር

ሚሊዮን ረድፍ ያለው ፋይል ዳታቤዝ ውስጥ እስኪገባ ሰዓታት ፈጀብኝ ብሎ አዲስ ሰርቨር ወይም ላይሰንስ ለመግዛት የተነሣ ሰው፣ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የአጫጫኑን መንገድ ቢያይ ይበጀዋል። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ረድፍ ለየብቻ «ኢንሰርት» እያደረገ (እያስገባ) በየረድፉ «ኮሚት» የሚል (የገባውን የሚያጸና) ከሆነ፣ የትኛውም ምርት ይንቀራፈፋል። ሦስቱም ለጅምላ ጭነት የተሠራ የራሳቸው ትዕዛዝ አላቸው፤ የማይኤስኪውኤል መመሪያ «ሎድ ዳታ» ከኢንሰርት አብዛኛውን ጊዜ 20 እጥፍ እንደሚፈጥን ይገልጻል። ባዶ ሰንጠረዥ ሲሞላም ተጨማሪ ኢንዴክሶቹን (ፍለጋ የሚያፋጥኑትን ማውጫዎች) ከጭነቱ በኋላ መፍጠር በሦስቱም ዘንድ ጊዜ ይቆጥባል። ስለዚህ ምርጫውን የሚወስኑት ሌሎች ነገሮች ናቸው።

ፖስትግሬስ ነፃ ነው፤ «ኮፒ» የተባለው ትዕዛዙ ፈጣን ቢሆንም ግትር ነው። እስከ 16ኛው ዕትም ድረስ አንዲት የተበላሸች ረድፍ ጭነቱን በሙሉ ታስቀር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 17ኛው ዕትም ግን ከዓምዱ ዓይነት ጋር የማይስማማ ዋጋ የያዙትን ረድፎች እየዘለለ የሚቀጥልበትን አማራጭ ጨምሯል። ኤክሴል የሲኤስቪ ፋይል በዩቲኤፍ 8 (የአማርኛን ጨምሮ የሁሉንም ቋንቋ ፊደላት በሚይዘው አጻጻፍ) ሲያስቀምጥ በፋይሉ መነሻ ላይ የማይታይ ምልክት ስለሚያኖር፣ የርዕስ ረድፍ የሌለው ፋይል ገና በመጀመሪያው መስመር «ይህ ቁጥር አይደለም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል፤ በዓይን ሲያዩት ግን ጥርት ያለ 1 ነው!

ማይኤስኪውኤል ረድፎችን የሚያስቀምጠው በዋናው ቁልፍ (እያንዳንዱን ረድፍ ከሌላው በሚለየው ዋጋ) ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ ፋይሉን አስቀድሞ በዚያው ቁልፍ መደርደር ጭነቱን ያፋጥነዋል። ነገር ግን ከራስ ኮምፒውተር ፋይል የመጫን ፈቃድ ከ8.0 ዕትም ጀምሮ በነባሪ፣ ማለትም ማንም ካልቀየረው በቀር፣ ዝግ ነው፤ ሆስቲንግ (የሌላ ድርጅት ሰርቨር) የሚከራይ ሰው ይህ ይከፈትለት እንደሆነ ከመክፈሉ በፊት ይጠይቅ።

የኤስኪውኤል ሰርቨር የጅምላ ጭነት ትዕዛዝ፣ «በልክ ኢንሰርት»፣ እስከ 10 ስህተት በነባሪ ይታገሣል፤ ሰንጠረዡ ተቆልፎ፣ የሪከቨሪ ሞዴሉም (ለውጦች ምን ያህል እንደሚመዘገቡ የሚወስነው ቅንብር) «ሲምፕል» ወይም «በልክ ሎግድ» ሆኖ ሲጫን ደግሞ ሎግ (የለውጦች መዝገብ) ላይ የሚጻፈው በእጅጉ ይቀንሳል። «ኤክስፕረስ» የተባለው የ2022 ነፃ ዕትሙ ግን ለአንድ ዳታቤዝ ከ10 ጊጋባይት በላይ አይፈቅድም። የአማርኛ ስሞች የሚገቡበት ዓምድ «ኤንቫርቻር» የተባለው የጽሑፍ ዓይነት ካልሆነ ወይም የዩቲኤፍ 8 ኮሌሽን (የፊደል አያያዝ ቅንብር) ካልተመረጠለት፣ «አበበ» የነበረው «???» ሆኖ ይቀመጣል፤ ከዚያ ወዲያ ፊደሉን መመለስ አይቻልም።

ከባዶ ለሚጀምር ፖስትግሬስ 17ን ወይም ከዚያ በኋላ የወጣውን እመርጣለሁ፤ በማይኤስኪውኤል ላይ ተደላድሎ የሚሠራ ድርጅት ግን ለጭነት ፍጥነት ሲል ብቻ ቤት መቀየር የለበትም። ሻጩም ቢሆን የራሱን ማሳያ ከሚያሳያችሁ፣ የአማርኛ ስሞችና አንዲት ሆን ተብላ የተበላሸች ረድፍ ያሉበትን የእናንተኑ ፋይል ፊታችሁ ይጫንላችሁ።