«ዋና ባትችሉም በአንድ ቀን ሰርተፊኬት» ስለሚለው የስኩባ ዳይቪንግ ማስታወቂያ ጥንቃቄ እንድታደርጉ

በዱባይና በአካባቢዋ የምትኖሩ ወገኖች፣ በቴሌግራም ቡድኖቻችን የሚዘዋወረው የፉጃይራ የስኩባ ዳይቪንግ (አየር በተሞላ ታንክ እየተነፈሱ ውኃ ውስጥ የመጥለቅ) ስልጠና ማስታወቂያ በ900 ድርሃም፣ በአንድ ቀን፣ ዋና ለማይችልም ጭምር የፓዲን (የዓለም አቀፉን የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት) የጠላቂነት ካርድ እንደሚያስገኝ ይናገራል። እኅቴ ተመዝግባ ስለነበር አብሬያት ሄጄ ያየሁት ግን ከዚህ የራቀ ነው።

ለሰልጣኞች የታደለው የጤና መጠይቅ በሁሉም ጥያቄ ላይ «የለም» ተብሎ አስቀድሞ ተሞልቶ የቀረው ፊርማ ብቻ ነበር። እኅቴ አስም እንዳለባት ስትናገር፣ ሠራተኛው «ይህን ከጻፍሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ ይሉሻል፣ ቀንሽ ይቃጠላል» አላት። መጠይቁ የተዘጋጀው ግን ለዚሁ ነው፤ በ10 ሜትር ጥልቀት የተተነፈሰ አየር ወደ ውኃው ገጽ ሲወጡ መጠኑ እጥፍ ስለሚሆን፣ በጠበበ የአየር ቧንቧ መውጫ ካጣ ሳንባን ሊቀድ ይችላል።

የዋናው ፈተና ደግሞ ደረት በሚደርስ ገንዳ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር በእግር መራመድ ነበር። ኦፕን ወተር ለሚባለው የፓዲ የመጀመሪያ ደረጃ የጠላቂነት ካርድ የሚጠየቀው ያለ መርጃ 200 ሜትር፣ ወይም በማስክ፣ በፊን (በእግር መቅዘፊያ) እና በስኖርክል (በመተንፈሻ ቱቦ) 300 ሜትር መዋኘት፣ በተጨማሪም 10 ደቂቃ መንሳፈፍ ነው። የሰዓት ገደብ የለውም፣ የዋናው ስልትም በምርጫ ስለሆነ ቀስ ብሎ የሚዋኝም ያልፋል፤ ስፖርተኛ መሆን አያስፈልግም። ከጀልባው ርቆ ብቅ ያለ ጠላቂ ግን እስኪደርሱለት ድረስ ሳይደናገጥ መንሳፈፍ አለበት።

ስልጠናው በባሕር ላይ ብቻ ቢያንስ በሁለት ቀናት የሚከናወኑ 4 የመጥለቅ ልምምዶችን ስለሚጠይቅ በአንድ ቀን አያልቅም። በአንድ ቀን የሚሰጠው ከአሠልጣኝ ጋር እስከ 12 ሜትር የሚጠለቅበት የሙከራ ፕሮግራም ሲሆን፣ በራሱ ምንም ነውር የለበትም፣ ዋና መቻልንም አይጠይቅም፤ ሆኖም ያለ አሠልጣኝ ከጓደኛ ጋር እስከ 18 ሜትር ለመጥለቅ የሚያበቃውን ካርድ አያሰጥም። በካርዱ ዋጋ የሚሸጡት ይህንኑ ሙከራ ነው።

እኅቴ ውኃ ሳትገባ ገንዘቧን ስትጠይቅ፣ በፈረመችው ወረቀት ግርጌ በደቃቅ ፊደል «ሙከራ» የሚል መኖሩን አሳይተው ግማሹን ብቻ መለሱላት። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የአሠልጣኙን የፓዲ ቁጥር ተቀብላችሁ በድርጅቱ ድረ ገጽ አረጋግጡ፣ የኮርሱን ሙሉ ስምና የቀናቱን ብዛትም በደረሰኙ ላይ አስጽፉ።