ጎንደር ውስጥ የቤት የጣውላ ልባስ ማስጠገን፦ የአንድ እንጨት ሥራ ቤት ግምገማ

በጎንደር ከተማ የውጭ ግድግዳቸው ጣውላ የለበሰ ቤቶች ብዙ አይደሉም። አብዛኛው ቤት በጭቃ፣ በድንጋይ ወይም በብሎኬት የተሠራ በመሆኑ የአናጢዎቹም ሙያ በበርና መስኮት፣ በአልጋና በቁም ሣጥን፣ ቢበዛ በጣሪያና በኮርኒስ ላይ ያዘነበለ ነው። ከፒያሳ ዝቅ ብሎ የሚገኘው የቤተሰባችን ቤት ግን የበረንዳው ከለላና የፎቁ ግድግዳ በጣውላ የተሸፈነ ስለሆነ፣ የሚያስጠግንልን ባለሙያ ስናፈላልግ ያነጋገርናቸው አብዛኞቹ «ሁሉም ተነሥቶ በአዲስ ይተካ» ወይም «ቆርቆሮ ይመታበት» ከማለት ያለፈ ሐሳብ አላቀረቡልንም። ሥራውን በመጨረሻ የሰጠነው በአዘዞ መንገድ ላለ አንድ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት ሲሆን፣ በበጋ ተጠግኖ ሙሉ ክረምት ስላለፈበት ጥንካሬውንም ጉድለቱንም ለመናገር ጊዜው አሁን ይመስለኛል።

ከሁሉ በፊት የሚመሰገኑት በምርመራቸው ነው። ዋናው አናጢ ሜትሩን ከኪሱ ሳያወጣ ወስፌ ይዞ ጣውላዎቹን አንድ በአንድ ወጋ። መሐል ላይ የወስፌው ጫፍ እንኳ በቅጡ አልገባም፤ ጣውላው ከበረንዳው ሊሾ ጋር በሚነካካበት ከታችኛው ጠርዝ ላይ ግን እስከ እጀታው ሰመጠ፣ ሲወጣም እርጥብ ቡናማ ብናኝ ይዞ ወጣ። ከላይ ሲታይ ቀለሙ ምንም አልሆነም ነበር። ቀጥሎ መሰላል አስጠግቶ አሸንዳውን አሳየን፤ በቅጠልና በአፈር ተደፍኖ ውሃው ወደ ግድግዳው ይመለስ ኖሯል። «ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳናውቅ ጣውላ ብንቀይር ለከርሞ እዚሁ እንገናኛለን» አለ። እኔ ለዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ሥራውን ብሰጠው አይቆጨኝም ነበር።

ምክንያቱም የዚህ ከተማ አየር ለእንጨት ከባድ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ስለሆነች የበጋው ፀሐይ ቀለምን ቶሎ ያደርቃል፣ ይሰነጥቃልም፤ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ የሚወርደው ዝናብ ደግሞ በዚያ ስንጥቅ ይገባና ከቀለሙ ሥር መውጫ ያጣል። እንጨትን የሚያበሰብሰው ሻጋታ የሚያድገው እርጥበቱ ለረጅም ጊዜ ሳይደርቅ ሲቆይ ነው እንጂ ዝናብ ስለመታው ብቻ አይደለም። ስለዚህ የጥገናው ቁም ነገር ውሃ ቢገባም እንኳ እንዲደርቅ ማድረግ ነው፤ ሥራ ቤቱም ይህን በሚገባ ያውቃል።

የበሰበሰውን የታችኛውን ክፍል ብቻ ቆርጠው ሲተኩ መጋጠሚያውን ወደ ውጭ ያዘነበለ አደረጉት፣ ውሃው እዚያው እንዳይተኛ። አዲሱን ጣውላ ከሊሾው ከፍ አደረጉት፤ ከበስተጀርባው አየር እንዲያልፍ ሞራሌ ደረደሩበት። የማይዝግ ሚስማር የተጠቀሙ ሲሆን፣ ጣውላዎቹ በሚደራረቡበት ቦታ አንዱን ሚስማር በሁለቱ ላይ አላሳለፉም፤ እንጨት በክረምት ሲያብጥና በበጋ ሲጎድል እንዲህ የተያዘ ጣውላ መሰንጠቁ ስለማይቀር ነው። የእያንዳንዱን ጣውላ የተቆረጠ ጫፍ ከመግጠማቸው በፊት ቀለም ማጠጣታቸውን ደግሞ ሌላ አናጢ ሲያደርግ አላየሁም። ውሃ በዋናነት የሚገባው በዚያ በኩል መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ለምስጥ በአጥር ቋሚዎች ላይ እንደሚደረገው የተቃጠለ ዘይት እንዲቀቡልን ጠይቀን ነበር፤ በኋላ ቀለም አይዝበትም፣ ሽታውም አይለቅም ብለው እምቢ አሉ። ትክክል ናቸው። ለታችኛው ረድፍ ምስጥ የማይደፍረውን ጽድ መረጡልን። ጽድ በ1986 ዓ.ም. የወጣውና በ1999 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ የተተካው የደን አዋጅ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ ከከለከላቸው ዛፎች አንዱ ነበር፤ እነሱም የገዙት ከፈረሰ ቤት የተነሣ አሮጌ ጽድ ነበር፤ ለዘመናት የደረቀ በመሆኑም አንዱም አልተጣመመም።

ጉድለታቸው የሚጀምረው ከላይኛው ረድፍ ነው። እዚያ የተተካው ባሕር ዛፍ በደንብ ሳይደርቅ የተገጠመ ነበር፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ እርጥቡን ከተመታ የመጣመምና የመሰንጠቅ ጠባዩ የታወቀ ነው። ጥቂቶቹ ጫፋቸው ወደ ውጭ ተቀለበሰ። ስንደውል ሊቀይሩ እሺ ቢሉም «ዛሬ ነገ» እያሉ ከበዓል ወደ በዓል አሻገሩን፤ የጽሑፍ ውል ስላልተሰጠን የምንይዘው ነገር አልነበረም። የማጠናቀቂያ ሥራቸውም ከአናጢነታቸው በእጅጉ ያንሳል። ፀሐይ በሚያየው በኩል የቀቡት ቫርኒሽ ገና ከአሁኑ እየተላጠ ሲሆን፣ ለእንዲህ ያለው ግድግዳ የሚሻለው የውጭ ቀለም ወይም ወደ እንጨቱ የሚሰርግ ዘይት ነበር። ዘይት ሲጠቀሙም የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ከመላጊያ ፍቅፋቂ ጋር በረንዳው ጥግ ከምረውት ሄዱ። እንዲህ ያለ ጨርቅ ተከማችቶ ሲቀመጥ ራሱን በራሱ አሙቆ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፣ በእንጨት ቤት ውስጥ ይህን ቸልተኝነት በቀላሉ የማልፈው አይደለም።

ዋጋቸው ሁሉንም እንቀይር ካሉን ሰዎች ግምት ከግማሽ በታች ነበር። ጣውላው ከፊሉ ደኅና ለሆነ ቤት እነሱን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ነገር ግን ቀጠሮውን ዝናቡ አልፎ ግድግዳው ከደረቀ በኋላ፣ ከኅዳር ወዲህ ማድረግ፣ ባሕር ዛፉን አስቀድሞ አስገዝቶ በጥላ ሥር ማድረቅ፣ ቀለሙን ለሌላ ቀቢ መስጠት፣ የሚጣመም ጣውላ በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚቀየርም ቀብድ ከመክፈል በፊት በጽሑፍ ማስፈር ያስፈልጋል።